ኮምቦልቻ ላይ ያሸነፈ ቡድን ደሴ ላይ ለምን ይረታል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አምስቱን መርጫለሁ። አብዛኞቹ የኮሌጆች የእግር ኳስ ውድድር ካለቀ በኋላ የተጻፉ ስለሆኑ ቁጭት ይነበብባቸዋል። እኔ ደሴ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የሰውነት ማጎልመሻ እያስተማርኩ ለ19 ዓመት የተማሪዎቹን ቡድን አሠልጥኛለሁ። የምመልሰው ከዚያው ከሜዳው ዳር ቆሜ ከጻፍኩት ደብተር ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የሚገኝ የአንድ ኮሌጅ ቡድን አምበል ነኝ። ዘንድሮ በሜዳችን ካደረግናቸው አምስት ጨዋታዎች አራቱን አሸንፈን በአንዱ አቻ ወጣን። ደሴ ወጥተን ያደረግናቸውን ሦስቱንም ግን ተሸነፍን፤ ያውም ሁሉም ግቦች የተቆጠሩብን ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ነው። አሠልጣኛችን «ወኔ የላችሁም» ይለናል። ልጆቹ የደሴ ውሃ አልተስማማንም ይላሉ። ከሦስቱ ሁለቱን የተጫወትነው በጾም ወቅት ነው። ችግራችን የቱ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ወኔ ያጣ ቡድን ገና በ10ኛው ደቂቃ ይታወቃል። እስከ 70ኛው ድረስ እኩል ታግሎ ከዚያ የሚወድቅ ቡድን ትንፋሽ አጥሮታል። አሠልጣኛችሁን አከብራለሁ፤ ይህን ቃል ግን ደጋግሞ ባይነግራችሁ እወዳለሁ። ትንፋሽ ያጠረው ልጅ «ፈሪ ነህ» ሲሉት ያምናል፤ ካመነ በኋላ ደግሞ እውነትም ይፈራል።

ነገሩ ያለው በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። መኪናችሁ ያንን ሁሉ ጠመዝማዛ ሲወጣ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላላችሁ። የኦክስጅን ድርሻ በሁለቱም ከተሞች አየር ውስጥ ያው 21 ከመቶ ነው፤ ከፍ ባላችሁ ቁጥር የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲቀንስ በአንድ ትንፋሽ የምትስቡት ኦክስጅን ያንሳል፤ ደሴ ላይ ከኮምቦልቻው ከ7 እስከ 8 ከመቶ ገደማ። ፒያሳ ቆሞ ለሚያወራ ሰው ይህ ምንም አይደለም። በመስመሩ ለሃያኛ ጊዜ ወደፊት ሮጦ ለሚመለስ ተከላካይ ግን ከአንዱ ሩጫ እስከ ሌላው የሚያስፈልገው እረፍት ይረዝማል። ተጋጣሚው እዚያው ተወልዶ ያደገ ነውና አይጠብቀውም።

ፊፋ ራሱ በዚህ ጉዳይ ብዙ ተወዛግቧል። በግንቦት 1999 ዓ.ም. ከ2,500 ሜትር በላይ በሆኑ ሜዳዎች ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ ከለከለ፤ ቦሊቪያና ጎረቤቶቿ አጥብቀው ሲቃወሙ በወሩ ወሰኑን ወደ 3,000 ሜትር ከፍ አደረገው፤ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ደግሞ ክልከላውን አነሳ። የመጀመሪያው ወሰን ደሴ ከተቀመጠችበት ከፍታ ጋር የሚገናኝ መሆኑን ለልጆቹ ንገራቸው። የተሰማቸው ነገር ምናብ አለመሆኑን ማወቃቸው ብቻውን ያበረታቸዋል።

በደብተሬ ውስጥ «ያጎነበሰ» የሚል አንድ ዓምድ አለ። ኳስ ከሜዳ ስትወጣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት የሚያይ የመጀመሪያው ተጫዋች በየትኛው ደቂቃ እንደታየ እጽፍበታለሁ። ከቆላ ወደ እኛ የሚመጡ ቡድኖች ላይ ይህ ደቂቃ አብዛኛውን ጊዜ በ55 እና በ65 መካከል ነው። አንድ ቀን ደሴ ሆጤ ሜዳ ላይ ከእናንተው ከተማ የመጣ የግራ መስመር ተከላካይ በ58ኛው ደቂቃ ሲያጎነብስ አየሁ። ነፋሱ ከጦሳ ተራራ በኩል ይመጣል፣ መለያው ስስ ነው፤ ቀና ሲል ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር። አሠልጣኙ ከተጠባባቂዎቹ ጋር ይነጋገር ስለነበር አላየውም። በ73ኛው ደቂቃ ግቧ የገባችው በዚያው በግራ በኩል ነው። አንተም አሠልጣኝህ ፈቅዶ አንድ ተጠባባቂ ይህን ደቂቃ እንዲጽፍ አድርጉ። ያጎነበሰው ልጅ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይቀየር። ሦስት ጨዋታ በዚህ መልክ ብትጫወቱ ልዩነቱን ታየዋለህ።

ብዙዎች አንድ ሌሊት ቀድመው ወጥተው ማደር ይጠቅማል ብለው ሆቴል ይከራያሉ። ሰውነት ከፍታን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ አንድ ሌሊት የሚሰጣችሁ ብርድና የእንቅልፍ እጦት ብቻ ነው። ገንዘቡን አስቀምጡትና ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ሁለት የወዳጅነት ጨዋታ ደሴ ላይ አድርጉበት። አንድ ቀን የተደረገ ጨዋታ ደም አይለውጥም፤ ልክን ግን ያስተምራል። ተጫዋቹ የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ እንደ ኮምቦልቻ ከሮጠ የመጨረሻውን 20 እንደሚከፍልበት በገዛ እግሩ ይማራል። ግብ ጠባቂያችሁም በማሟሟቂያው ጊዜ ረጃጅም ኳሶችን ይለማመድ፤ አየሩ ሳሳ ሲል ኳስ ራቅ ብላ ትበርራለች፣ ስትታጠፍም እንደለመዳት አትታጠፍም።

እኛም ወደ እናንተ ስንወርድ በሙቀቱ ተቀጥተናል። በሚያዝያ ቀትር የቦርከናን ወንዝ ተሻግረን በገባንበት አንድ ጨዋታ ላይ የእኔው አማካይ ያጎነበሰው በ52ኛው ደቂቃ ነበር። የውሃ ችግር ነው ያላችሁት በዚህ በኩል እውነትነት አለው፤ ደሴ ላይ ብርዱ ጥማትን ይደብቃልና ልጆቻችሁ ሳይጠጡ እንደሚውሉ እገምታለሁ።

ስለ ጾሙ፦ በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ጀመሩ። የወሎ ኮሌጅ ቡድን ምን እንደሚመስል ታውቃለህ፤ በአምስት ቀን ውስጥ ከአምበል እስከ ተጠባባቂ ሁሉም ጾመኛ ሆነ። ልምምዱን ከ9 ሰዓት ወደ 11 ሰዓት አዛወርኩት፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል ወደ 40 ደቂቃም አሳጠርኩት፤ ሩጫውን ቀንሼ የቅጣት ምትና የአሰላለፍ ሥራ አበዛሁ። ልምምድ ካበቃ ጥቂት ቆይቶ መግሪብ ይደርሳል። ክርስቲያኖቹ ልጆች ከ9 ሰዓት ጀምሮ መብላት ይችሉ ነበር፤ ማንም ሳያዛቸው ግን ሳይቀምሱ ይቆዩና ከጓደኞቻቸው ጋር ተምሩንና የበሶ ጭብጦውን አብረው ይቀምሱ ነበር። እኔ ያንን ክብ እያየሁ ስለ ውጤት ማሰብ አቆም ነበር።

ጨዋታ ግን በልምምድ ሰዓት አይወሰንም። ስለዚህ ዋናው ምክሬ ይህ ነው፦ የውድድሩ መርሐ ግብር ከመጽደቁ በፊት አንተና አሠልጣኝህ የፈተና ሰሌዳውን፣ የጾሙንና የበዓላቱን ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለአዘጋጆቹ አቅርቡ። የደሴ ጨዋታዎቻችሁ ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ እንዲሆኑ ጠይቁ። አዘጋጆች ይህን የሚከለክሉት ክፉ ሆነው አይደለም፤ በጊዜው የሚጠይቃቸው ሰው ስለማይኖር ነው። የተማሪ ቡድን ከተጋጣሚው ይልቅ በቀን መቁጠሪያው ብዙ ጊዜ ሲሸነፍ አይቻለሁ። አብሽር፣ ቡድንህ ደህና ነው።

ጥያቄ፦ በነጥብም በግብ ክፍያም እኩል ሆነን እያለ በቢጫ ካርድ ብዛት ሁለተኛ ናችሁ ተባልን። እንዲህ ያለ ሕግ አለ? (ከሐይቅ)

መልስ፦ አለ። ያውም በዓለም ዋንጫ ተሠርቶበታል። በ2010 ዓ.ም. ሩሲያ ላይ ጃፓንና ሴኔጋል እኩል 4 ነጥብ ይዘው፣ አራት አራት አግብተውና አራት አራት ተቆጥሮባቸው፣ እርስ በርስም 2 ለ 2 ተለያይተው ነበር። ጃፓን 4 ቢጫ፣ ሴኔጋል 6 ቢጫ ስለነበራቸው ጃፓን አለፈች። የእናንተ ውድድር ደንብ ይህን ይላል ወይ የሚለውን ግን ከደንቡ አንብቡ፤ ካልተጻፈ ይግባኝ የማለት መብት አላችሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዳኛ ላይ በመጮህ የሚመጡትን ካርዶች ለይታችሁ ቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ልጄ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። የኮሌጁ ቡድን ውስጥ ከገባ ወዲህ ውጤቱ ከ3.1 ወደ 2.4 ወረደ። አባቱ «ታኬታውን አቃጥይው» ይለኛል። እኔ ግን ልጁ ሲጫወት ደስታውን አይቼ አልቻልኩም። ምን ላድርግ? (አንዲት እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ታኬታውን አያቃጥሉት። መጀመሪያ ሰዓቱን አብረን እንቁጠር። የኮሌጅ ቡድን በሳምንት አራት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ቢለማመድ 8 ሰዓት ነው፤ የጨዋታው ግማሽ ቀን ሲጨመር 13 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ይህ ቀላል ጊዜ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለተኛ ዓመትን የሚያበላሽ ጊዜም አይደለም። ልጅዎን ተቀምጠው ሲያነጋግሩት ቅዳሜና እሑድ ዲኤስቲቪ ቤት የአውሮፓ ጨዋታ በማየት ስንት ሰዓት እንደሚያሳልፍ፣ ማታስ ስልኩን ይዞ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይጠይቁት። ከእኔ ተማሪዎች ውጤታቸው የወረደውን ስመረምር ብዙውን ጊዜ ያገኘሁት ሰዎች ሲጫወቱ በማየት ያለፈ ጊዜ ነው፤ ራሳቸው የተጫወቱበት ጊዜ አይደለም።

ኳሱን ቢነጥቁት ያንን 13 ሰዓት ለመጽሐፍ ይሰጠዋል ብለው አያስቡ። ከኳስ ጋር አብረው የሚሄዱ ሌሎች ነገሮች አሉ፤ በጊዜ መተኛት፣ ሲጋራና ጫት አለመቅረብ፣ «ነገ ጨዋታ አለብኝ» ብሎ ከጓደኛ መለየት። እነዚህን አብረው ይነጥቁታል።

እኔ በጊዜዬ አንድ ሥርዓት ነበረኝ። ከልምምድ በፊት ሜዳው አጠገብ ባለ ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ጥናት፤ ያልተገኘ አይለማመድም፤ ትምህርት ያቋረጠ በዚያ ሳምንት አይሰለፍም። የመጀመሪያው ወር አስቸጋሪ ነበር። አንድ ምሽት ግን ከኮምቦልቻ ተሸንፈን ስንመለስ ሐረጎ ላይ ጉም ወረደና አውቶቡሱ እንደ ኤሊ ይሄድ ጀመር። ሁሉም ዝም ብሏል። ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ የስልኩን መብራት አበራና የማግስቱን የፈተና ማስታወሻ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። አንዱ ተሳስተሃል አለው፣ ሌላው አረመው፣ ደሴ እስክንገባ ድረስ ጥያቄና መልስ ሆነ። መስኮቱ በትንፋሽ ስለደበዘዘ አንዱ በጣቱ የኬሚስትሪ ቀመር ጻፈበት። ሹፌሩ ራሱ በመስታወት ያያቸው ነበር።

ስለዚህ አሠልጣኙን ሄደው ያነጋግሩት፤ ወላጅ መጥቶ ሲጠይቀው የሚከፋ አሠልጣኝ አላውቅም። ከልጅዎ ጋር ደግሞ አንድ መንፈቅ ዓመት ይስማሙ፤ 2.4ቱ ወደ 2.8 ካልተመለሰ የቀጣዩን መንፈቅ ዓመት ውድድር ያርፋል፤ ልምምዱን ግን አይተውም። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ አባቱም ይፈርሙበት። ከ2.00 በታች ከወረደ ግን ጉዳዩ ከኮሌጁ መሰናበትን ሊያመጣ የሚችል ነውና ያኔ ኳስ ይቁም እላለሁ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ኦሃዮ ያለው የእህቴ ልጅ የኮሌጅ ተማሪዎችን የእግር ኳስ ጨዋታ ለማየት ከመቶ ሺህ ሰው በላይ ስታዲየም ይገባል ይለኛል። ደግሞም ኮሌጁ በባላንጣው ተሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ አለኝ። ልጁ አይዋሽም ነበር፤ እንዴት ነው ነገሩ? (ከሸዋ በር፣ ባለሱቅ)

መልስ፦ ወዳጄ፣ የእህትዎ ልጅ እውነቱን ነው። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም 102,780፣ የባላንጣው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ 107,601 ተመልካች ይይዛሉ። የእኛ አካባቢ ኩራት የሆነው የወልድያው ስታዲየም 25 ሺህ ገደማ ነው። ኳሱ ግን የእኛ ኳስ አይደለም። እንደ እንቁላል የሾለች ኳስ በእጅ ይዘው ይሮጣሉ፣ ይወረውራሉ፤ ብረት መሰል ቆብና የትከሻ መከላከያ ያጠልቃሉ። ከየቡድኑ ሜዳ የሚገባው ግን 11 ሰው ነው። የመጀመሪያው የኮሌጆች ጨዋታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1869 በራትገርስና በፕሪንስተን መካከል ተካሂዶ ራትገርስ 6 ለ 4 አሸነፈ።

ያ የነገረዎት ዘመን በእኛ አቆጣጠር የ2017ቱ መሆን አለበት፤ እኔም በጉጉት ተከታትዬዋለሁ። መደበኛው ውድድር በነሐሴ መጨረሻ ይጀምርና በኅዳር ያልቃል፤ አንድ ቡድን 12 ያህል ጨዋታ ብቻ ያደርጋል። ኦሃዮ ስቴት በጥቅምት በኦሬገን 32 ለ 31 ተሸነፈ። ኅዳር 21 ቀን ደግሞ በገዛ ሜዳው፣ ያሸንፋል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በሚሺጋን 13 ለ 10 ተረታ። በሚሺጋን በተከታታይ የደረሰበት አራተኛው ሽንፈት ነበር። ደጋፊው አሠልጣኙ ራያን ዴይ ይባረር እስከማለት ደረሰ። ዕድላቸው ግን በዚያው ዓመት ደንቡ ተለውጦ ነበር፤ ለሻምፒዮናው የሚጋጠሙት ቡድኖች ከ4 ወደ 12 ከፍ ተደርገው ኦሃዮ ስቴት 8ኛ ሆኖ ገባ። ከዚያ ቴነሲን 42 ለ 17፣ ያንኑ ያሸነፋቸውን ኦሬገንን 41 ለ 21፣ ቴክሳስን 28 ለ 14 ረቱ። በጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12 ቀን፣ አትላንታ ላይ ኖትር ዳምን 34 ለ 23 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ።

እኔን ከዚህ ሁሉ የማረከኝ ሌላ ደንባቸው ነው። በዚያ ዘመን ደንብ መሠረት አንድ ተማሪ አራት የውድድር ዘመን ለመጫወት አምስት ዓመት ይሰጠዋል። በአንድ ዓመት ከአራት ጨዋታ በላይ ካልተሰለፈ ያ ዓመት አይቆጠርበትም፤ እየተለማመደ፣ እየተማረ፣ እየጠነከረ ይቆያል። ወጣቱን በግድ አያሰልፉትም፤ ተቀምጦ ያሳለፈው ዓመትም አይባክንበትም። እዚህም የእኛን ውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ በኮሌጃችን የሴቶች ቡድን ተጠባባቂ ግብ ጠባቂ ነኝ። ዘንድሮ ዘጠኙንም ጨዋታ ተቀምጬ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳልገባ አለቀ። ልተወው ይሆን? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድ ያጠፋሁትን ነገር አስታወሰኝና።

ከዓመታት በፊት ለዋንጫ ሁለት ጨዋታ ሲቀረን ወደ ኮምቦልቻ ልንወርድ ነበር። ተጠባባቂው ግብ ጠባቂ በማግስቱ ፈተና ነበረበትና ልቅር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ ዓመቱን ሙሉ አልተሰለፈም። «ቅር፣ አንተ አታስፈልግም» አልኩት። ለማለት የፈለግኩት ዛሬ አትጨነቅ ነበር፤ የወጣው ቃል ግን ያ ነው። በ61ኛው ደቂቃ የመጀመሪያው ግብ ጠባቂያችን ከአጥቂ ጋር ተጋጭቶ የእጁ ጣት ወለቀ። የመሐል ተከላካዩን ጓንት አልብሼ አቆምኩት። በቀረው ጊዜ ሦስት ግብ ገባብን፤ ዋንጫውን በግብ ክፍያ አጣነው።

ሰኞ ዕለት ያ ልጅ ከሁሉም ቀድሞ ሜዳ ደርሶ ጠበቀኝ። ውጤቱን ያውቅ ነበር። ምንም አላለኝም፤ ጓንቱን አጥልቆ ግቡ መሐል ቆመ። ይቅርታ የጠየቅኩት ቡድኑ ሁሉ ባለበት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሰባት ጨዋታ ተሰለፈ።

አንቺ ተወት ከማድረግሽ በፊት ከአሠልጣኝሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት ይሁን። ሁለት ነገር በግልጽ ጠይቂ፦ ከወዳጅነት ጨዋታዎች ግማሹን አንቺ እንድትገቢ፣ ከመጀመሪያዋ ግብ ጠባቂ ጋርም የምትለማመጂበት የራሳችሁ ሰዓት እንዲኖር። እምቢ ካለሽ ምክንያቱን ጠይቂ። ምክንያቱ ሊሠራበት የሚችል ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ በእግርሽ የምትመቺው ኳስ አጭር ነው ወይም ከማዕዘን ምት ለመውጣት ታመነቺያለሽ ካለሽ፣ ክረምቱ ለዚያ ይበቃል።

ዘጠኙን ጨዋታ ተቀምጠሽ ስታዪ የተጋጣሚ አጥቂዎች በየትኛው እግራቸው እንደሚመቱ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ወደየት እንደሚልኩ መዝግበሽ ከሆነ ያንን ደብተር አትጣይው። ካልመዘገብሽም ገና የምታስታውሺውን ዛሬ ማታ ጻፊ። የደሴዎቹ ቁጥር 9 ለምሳሌ ወደየት ነበር የመታችው?